ውሃው ከኋላ ነው

«ለባዳ ትስቃለች። እዚህ ቤት ግን ጥርሷን አይቼ አላውቅም።»

እትዬ ሳተኒክ ይህን ሲሰሙ ወጥ ቤት ቆመው፣ ያጠቡትን የላስቲክ ከረጢት እንዲንጠፈጠፍ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ነበር። እንደ እሳቸው ከቤይሩት የመጡ አርመኖች የሚኖሩበት የግሌንዴል አፓርታማ ግድግዳ ስሙ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከወዲህኛው ቤት «ይማርህ» ይባልለታል። የተናገረችው የልጃቸው ሚስት ታሊን ናት። «ዛሬም ካልሳቀች አለቀልን፤ ንገራት እንጂ» አለች ቀጥላ። ልጃቸው ሃጎፕ «ቀስ በይ፣ ትሰማለች» ሲላት «ትስማ!» አለችው፣ ወዲያው አልጋው ሲጢጥ አለ፤ ቁጭ ማለቷ ነው። ሰባት ወር የገባ ሆድ ብዙ አስቁሞ አያናግርም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እትዬ ሳተኒክ ግን ጆሯቸውን አልወቀሱም። ከረጢቱን መስኮቱ አጠገብ ካለው ገመድ ላይ ከሌሎቹ ስድስት ከረጢቶች ጎን በመቆንጠጫ ሰቀሉትና «ጥርሴን ያላየችው ሰው ሠራሽ ስለሆነ ይሆናል» አሉ ለራሳቸው። ቀልዱ ለራሳቸውም አልጣማቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃጎፕ በርባንክ ካሉት ስቱዲዮዎች በአንዱ አናጢ ነው። ለቴሌቪዥን ድራማ ሦስት ግድግዳ ብቻ ያለው ቤት ይሠራል፤ በአራተኛው በኩል ተመልካች ተደርድሮ ይስቃል። የአናጢዎቹ ማኅበር የሕክምና ካርድ የሚያድሰው በስድስት ወር ውስጥ ሰዓቱን ለሞላ ሰው ነው። የሃጎፕ ስድስት ወር ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ ሰዓቱ ደግሞ በሃያ ስድስት ጎድሏል። ካርዱ ከሞተ የታሊን ሐኪም በየሳምንቱ ማየቱን ያቆማል። ታሊን ሁለት ልጅ አጥታለች፣ አንዱን በአራት ወር እርግዝና፣ አንዱን በስድስት። ስለዚህ በዚያ ቤት ማንም ስለ ገንዘብ አያወራም፤ ሰው ሁሉ ስለ ሰዓት ነው የሚያወራው። ድራማው ከቀጠለ ሰዓቱ ይሞላል። አለቆቹ «እስክናስብበት ይቆይ» ካሉ ግን ግድግዳው በሸራ ተሸፍኖ መጋዘን ይገባል፣ አናጢውም ቤቱ ይገባል። ዛሬ ሰባተኛው ክፍል ይቀረጻል፤ አለቆቹም መጥተው ያዩታል።

ሃጎፕ ወጥ ቤት ገባና ከምስር ሾርባው ድስት በማንኪያ ቀመሰ። የሚለምን ሰው ሁልጊዜ መጀመሪያ ድስት ይቀምሳል።

«እማዬ፣ ዛሬ አለቆቹ ይመጣሉ።»

«ይምጡ። እኔ ምን ላብስልላቸው?»

«አንቺ ብቻ ሳቂ። እንደ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት።»

«ሳቅ ቧንቧ ነው እንዴ፣ ስትከፍተው የሚወርድ? ያስቁኝና ልሳቅ።»

«እማዬ…»

«ምራቴ ጥርሴን ማየት ከፈለገች ብርጭቆው ውስጥ ነው፣ ማታ ማታ።»

ሃጎፕ ግድግዳውን አየ፣ ድስቱን አየ፣ ወጣ።

የእትዬ ሳተኒክ ሳቅ በአካባቢው የታወቀ ነው። ከሆድ ይነሳል፣ ደረት ላይ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ እንደ ፈንዲሻ ይፈነዳል፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ አጠገባቸው ያለ ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይስቃል። የቤተ ክርስቲያኑ የአረጋውያን ክበብ ሰዎች በየሳምንቱ በአውቶቡስ ተጭነው ስቱዲዮ ይሄዳሉ። ለክበቡ በነፍስ ወከፍ ሰባት ዶላር ይሰጠዋል፣ ለእያንዳንዳቸው ደግሞ ሳንድዊችና አንድ ፖም። በመጀመሪያው ሳምንት እትዬ ሳተኒክ ሲስቁ የድምፅ ሠራተኛው አንገቱን አስግጎ ፈለጋቸው፤ በሁለተኛው ሳምንት ከወንበራቸው በላይ ማይክራፎን ተሰቅሎ ጠበቃቸው። ለራሳቸው ብቻ! ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ዝም በይ ሲላቸው ኖሮ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው የሚቀዳቸው ተገኘ። ኮሩ፤ ለምን አይኮሩም? በአራተኛው ሳምንት ግን ደራሲዎቹ አማት ጨመሩ፣ ሳቁም ደረቀ።

ድራማው የወጣው «ሰባት ቁጥር አውቶቡስ» ከሚባል ፊልም ነው። ፊልሙን ያላየ ሰው በዚያ ከተማ አልነበረም። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር በየማለዳው የምታረፍድ ሴት ስትሮጥ ያያል፣ ለእሷ ብሎ አንድ ደቂቃ ይቆማል፤ በዚያች አንድ ደቂቃ ከሥራው ይባረራል። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ በጊዜ መጥታ፣ አዲሱ ሹፌር «ግቢ» ሲላት እምቢ ብላ ፌርማታው ላይ ትቆማለች፣ ያኛው ምናልባት ይመጣ እንደሆነ። እትዬ ሳተኒክ ያዩት ከታሊን ጋር ነው፣ ታሊን ሙሽራ ሆና በመጣች በሁለተኛው ወር። የሙሽራነት ክሬሟ ገና ይሸት ነበር። አንድ መሐረብ ነበራቸውና ከአንዷ እጅ ወደ ሌላዋ ሲመላለስ አመሸ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በአንድ ነገር አብረው አልቅሰው አያውቁም፤ ያለቀሱበት ነገር ባይጠፋም እያንዳንዳቸው በየክፍላቸው ነበር። አሁን ያንን ፊልም ወስደው ሹፌሩንና ሴትዮዋን አጋቧቸው፣ ጠባብ ቤት ውስጥ አስገቧቸው፣ ከየትኛው አገር እንደመጣች የማይታወቅ ጥቁር ለባሽ አማት ጨመሩባቸው፣ ሳቁ አሉን። የፊልሙ ተዋንያን እንኳ እምቢ ብለዋል፤ እነዚህ ሌሎች ናቸው። ሰው ያለቀሰበትን ነገር ለሳቅ ማሞቅ ያደረ ዓሣ እንደ ማሞቅ ነው። ሽታው ይቀድማል።

ከቀትር በኋላ አውቶቡሱ መጣ። ሰኔ ነው፣ አስፋልቱ ይፋጃል። ዛቤል የምትባለው የዕድሜ እኩያቸው እንደ ወትሮዋ ጎናቸው ተቀመጠች። ዛቤል ስለ አፕሪኮት ዋጋ አወራች። በፓውንድ ሁለት ዶላር ገብቷል፣ ቤይሩት እያለን ለጎረቤት በቅርጫት የምንሰጠው! ስለ ጉልበቷ አወራች፣ ስለ ልጇ ሁለተኛ ፍቺ አወራች። ከዚያ ጠጋ ብላ «ምራትሽ እንዴት ናት?» አለች። እትዬ ሳተኒክ «ሆዷ ደህና ነው» አሉ። «እሷስ?» ብላ ስትደግም በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱ። ምን ይበሏት? በመካከላቸው ያለውን ነገር ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ታሊን ለሁለተኛው ልጅ ምጧ ያለጊዜው ሲመጣ፣ ሃጎፕ ደግፎ መኪና ሲያስገባት፣ እትዬ ሳተኒክ በነጩ የቆርቆሮ ማሰሮ ውሃ ይዘው ወርደው ከመኪናው ኋላ አፈሰሱ፤ እናታቸው፣ የእናታቸውም እናት ለሚሄድ ሰው እንደሚያደርጉት፣ እንደ ውሃ ቀንቶት ሄዶ እንደ ውሃ እንዲመለስ። ታሊን በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ደረጃው ላይ ቆመችና «እማማ፣ ከእንግዲህ ውሃዎ ይቅር። ባዶዬን መለሰኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ማሰሮው ከመታጠቢያው ሥር ገባ። ታሊን ጨው ያቀብሉኝ ትላለች፣ ደህና አደሩ ትላለች፣ እትዬ ሳተኒክም እግዜር ይመስገን ይላሉ። እሱ ንግግር ከሆነ ይነጋገራሉ።

አዳራሹን የማቀዝቀዣው ብርድ የሥጋ ፍሪጅ ያስመስለዋል። ታሊን በራሷ መኪና ቀድማ መጥታ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሯን መዘርጋት ስላለባት። ከቀረጻው በኋላ ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ አላት። ማይክራፎኑ በቦታው ተንጠልጥሏል። ተመልካች የሚያሟሙቀው ላብ በላብ የሆነው ሰውዬ እትዬ ሳተኒክን ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰገደ። ፊት ለፊት ባለው ረድፍ አለቆቹ፣ አራት ሰዎች፣ ግራጫ ሱፍ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም ሳንድዊች አልተሰጣቸውም። ከመድረኩ ዳር፣ ከካርቶን አውቶቡሱ ጀርባ፣ ሃጎፕ መዶሻውን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። እናቱን አየና በጣቱ የከንፈሩን ጫፍ ወደ ላይ ገፋ፤ ሳቂ ማለቱ ነው።

ጀመሩ። አማቲቱ ገባች፤ የድሮ ተዋናይ ናት፣ ፍሎረንስ ይሏታል፣ ዓይኗ ብልህ። ከወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ገመድ ወጥራ የታጠቡ የላስቲክ ከረጢቶችን በመቆንጠጫ መስቀል ጀመረች። ሰው ሳቀ። ዛቤል እትዬ ሳተኒክን በክርኗ ወጋች፤ «አንቺን እኮ ነው የምትመስለው!» እትዬ ሳተኒክ ከረጢቶቹን ቆጠሩ። ሰባት ናቸው። የዛሬውን ጨምሮ፣ ልክ ሰባት። ቀና ብለው ሃጎፕን ፈለጉት። ሃጎፕ ጫማውን ያያል።

ከዚያ የከፋው መጣ። በድራማው ውስጥ ሚስትየው ሻንጣዋን ይዛ ወደ ካርቶኑ አውቶቡስ ስትሄድ፣ አማቲቱ «ቆይ! ቆይ! የአገሬ ልማድ ነው!» እያለች ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዛ ሮጠች፣ ቀደመቻት፣ ፊቷ ላይ ቸለሰችባት። ሚስትየው አዳልጧት በመቀመጫዋ ወደቀች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ሳተኒክ ታሊንን ለማየት አልደፈሩም። ሦስት ሰው ነው የሚያውቀው፤ እሳቸው አልተናገሩም፣ ታሊን ብትሞት አትናገርም። የምራታቸው ሐዘን፣ የእናታቸው ማሰሮ፣ ሁሉም እዚያ መድረክ ላይ በመቀመጫው ወድቆ ይንፈራገጣል። ሆዳቸው ውስጥ የተነሳውን ነገር ሳቅ ነው ብለው ቢጠብቁት አልነበረም። ብድግ አሉ።

«ከኋላ!» ብለው ጮኹ በአርመንኛ። «ከኋላ ነው፣ አንቺ ሴትዮ! ከፊቷ ከደፋሽባትማ መንገዱን ዘጋሽባት!»

የክበቡ አሮጊቶች ሁሉ «እውነት ነው፣ ከኋላ ነው» ብለው አጉረመረሙ። የቀረው ሕዝብ ግን የድራማው አካል መስሎት እስከዚያ ድረስ ያልሳቀውን ሳቀ። ዛቤል ቀሚሳቸውን ጎተተች። «ተቀመጪ፣ ያባርሩናል፣ ሳንድዊቹን እንኳ ገና አልበላሁም።» ካሜራዎቹ ቆሙ። ዳይሬክተሩ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «ምንድን ነው የሚሉት?» ሲል ሁሉም ወደ ሃጎፕ ዞሩ፤ ሃጎፕ እያፈረ ተረጎመ። ዳይሬክተሩ አራቱን ግራጫ ሱፎች ሰረቅ አድርጎ አየና፣ የጨነቀው ሰው ሁሉን ይሞክራል፣ «እስቲ ይውረዱና ያሳዩን» አለ። ፍሎረንስ ራሷ መጥታ እጃቸውን ይዛ አወረደቻቸው። «ያስተምሩኝ፣ እኅቴ» አለቻቸው።

እትዬ ሳተኒክ መብራቱ ውስጥ ገቡ። መብራቱ እንደ ምድጃ ይለበልባል። ልጃቸው አጠገብ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሚስትህን እንባ ለእነዚህ ሸጥከው?» አሉት።

«አልሸጥኩትም እማዬ። በነፃ ነው የሰጠሁት። ቀልድ አልቆባቸው ነበር… ድራማው እንዲቆይ ብዬ ነው።»

«በነፃ! ብትሸጠው እንኳ ይሻል ነበር።»

ባልዲውን በእግራቸው ገፉት። በባልዲ የሚደፋው እድፍ ነው አሉ፤ ማሰሮ ተፈልጎ መጣላቸው፣ ግማሹን ውሃ አስቀነሱት። ሚስት የምትሆነውን ልጅ፣ ፀጉሯ ገና ይንጠባጠባል፣ ከትከሻዋ ይዘው ወደ አውቶቡሱ አዞሯት፤ «ሂጂ፣ ወደ ኋላ አትዪ» አሏት። ልጅቱ ያሏት ቢገባትም ባይገባትም ሄደች። ያን ጊዜ እትዬ ሳተኒክ ጎንበስ አሉና ውሃውን ከተረከዟ ኋላ፣ በቀጭኑ፣ መሬቱን እንዳያመው የሚሳሱ ይመስል አፈሰሱት። «እንደ ውሃ ሂጂ፣ እንደ ውሃ ተመለሺ» አሉ። ሊያሳዩ ነበር የወረዱት፤ አፋቸው ግን ማሳየት አያውቅምና የእውነቱን ተናገረ። ከአሮጊቶቹ አንዷ «አሜን» አለች። ቀና ሲሉ ታሊን ተነስታ ቆማለች፣ ባዶ እጇ ሆዷ ላይ፤ መሐረብ አልያዘችም።

ፍሎረንስ ዓይኗን ጠረገች። ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቆንጆ ነው» አለ፣ «በጣም ቆንጆ። ግን ሳቁ የት አለ?» ከአራቱ ሱፎች አንዱ ሰዓቱን አየ፤ ተነሱ፣ አራቱም በአንድ በር ወጡ።

የቀረው እንደ ነገሩ ተቀረጸ። በባልዲው፣ ከፊት። እትዬ ሳተኒክ ሳንድዊቻቸውን ሳይፈቱ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አፌ በላኝ ይሉ ነበር በሆዳቸው። ሌላ ሰው የሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እኔ ግን ለአንድ ማሰሮ ውሃ ክብር ብዬ የልጅ ልጄን ካርድ ቀደድኩት። ምናለ ብስቅ? የሞተ ነገር ላይ ይሳቅ የለም ወይ? ማይክራፎኑ ከላያቸው ተንጠልጥሎ ትንፋሻቸውን ይቀዳል።

ሲያልቅ የሚያሟሙቀው ሰውዬ መድረኩ መሐል ቆሞ አመሰገነ። ዛሬ የመጨረሻችን ነበር፣ ድራማው ቆሟል አለ። እንደ ቀልድ ነው ያለው፤ አንዳንዱም ሳቀ። አጠገባቸው ሲያልፍ እትዬ ሳተኒክ እጁን ያዙት፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «በእኔ ነው? እኔ ስለጮኽኩ?» አሉት። ሰውዬው ትንሽ አሰበ፣ ይዋሽ አይዋሽ። «ኧረ አይደለም» አለ። «ጠዋት ነው የወሰኑት። እኛም የሰማነው ከምሳ በፊት ነው። ዛሬ የመጡት ለወጉ ነው።» እትዬ ሳተኒክ እጁን ለቀቁት። ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ግን እኮ ሰባት ሳምንት ሙሉ፣ ማይክራፎን ተሰቅሎላቸው፣ ቢስቁ ቢያለቅሱ ሚዛኑ ላይ ጨርሶ አልወጡም። እሱም ለብቻው ቆጠቆጣቸው።

ሃጎፕ ከካርቶኑ አውቶቡስ ጀርባ እየሮጠ መጣ። ፊቱ ላይ ያለውን ነገር ሊያውቁለት አልቻሉም።

«ፈረሰ» አለ። «ታሊን፣ እማዬ፣ ፈረሰ! ግድግዳው መጋዘን አይገባም፣ ይፍረስ ነው ያሉት፤ ሦስት ቀን ሙሉ እናፈርሳለን። ሠላሳ ሰዓት ነው! አሁኑኑ እንጀምራለን።»

ታሊን ወንበሩን ተደገፈች። ከንፈሯ ሃያ ስድስትን ከሠላሳ ሲቀንስ ታየ።

«ይህን ሁሉ ሳምንት ሠርተህ ያልሞላልህ፣ አፍርሰህ ይሞላልሃል?» አሉ እትዬ ሳተኒክ። «የጉድ አገር!»

«የጉድ አገር ነው እማዬ» አለ ሃጎፕ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ስለ ውሃው ሊናገር አፉን ከፈተ። ታሊን መዳፏን አነሳች። «ሂድ አፍርስ» አለችው። «አንተን ቤት ነው የማናግርህ።» ሃጎፕ ሄደ። የመጀመሪያውን ግድግዳ ሲመታው ድምፁ እስከ በሩ ድረስ ተከተላቸው።

ሐኪሟ ጋ ሊወስዳት የነበረው እሱ ነው፤ አሁን ብቻዋን ልትሄድ ነው። ቤቱ በመንገዷ ላይ ስለሆነ እትዬ ሳተኒክን ጫነቻቸው። ግሌንዴል ሊደርሱ ሲሉ፣ ቀይ መብራት ላይ፣ አንድ የከተማ አውቶቡስ አጠገባቸው ሲቆም ታሊን «ፊልሙ ይሻል ነበር» አለች። እትዬ ሳተኒክም «ፊልሙማ ፊልም ነበር» አሉ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

እትዬ ሳተኒክ ቤቱ በር ላይ ወረዱ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፣ የእግረኛው መንገድ ሙቀት በጫማ ሥር ይሰማል። ከንፈራቸው ላይ የመጣውን ቃል ዋጡና «ደህና ግቢ» ብቻ ብለው የመኪናውን በር ዘጉ። ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዞሩ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ሁለት ደረጃ ወጡ፤ አልሄደም። ዞሩ።

«ምን ሆነሽ ነው? ቀጠሮሽ ያልፍሻል እኮ!»

ታሊን መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ፊት ለፊቷን እያየች ነበር፣ ወደ እሳቸው አልዞረችም።

«አንድ ደቂቃ እጠብቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«ውሃውን ነዋ፣ እማማ።»

በሰባ አንድ ዓመት ሦስት ፎቅ የሚወጣ ሰው አይሮጥም። እትዬ ሳተኒክ ግን ሮጡ። ከመታጠቢያው ሥር ባልዲው ተንከባለለ፣ የሳሙናው ጠርሙስ ወደቀ፣ ነጩ ማሰሮ ከነአቧራው ወጣ። አለቀለቁት፣ ሞሉት፣ ማስቀነስ ነበረባቸው፣ ረሱት። ሲወርዱ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ጥቂት ፈሰሰ። መኪናው ቆሟል። ከኋላው ዞሩና ትንፋሻቸው ሳይመለስ ጎንበስ ብለው አፈሰሱት፤ ውሃው ግማሹ ከመኪናው ኋላ፣ ግማሹ በራሳቸው ጫማ ውስጥ ገባ። «እንደ ውሃ ሂጂ፣ እንደ ውሃ… ውይ እግሬን!» አሉ።

ታሊን በመስታወቱ ውስጥ አየቻቸው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ታየ፤ ለቅሶ መስሏቸው ደነገጡ፣ አልነበረም። ያን ጊዜ ከእሳቸውም ሆድ ተነሳ፣ ደረት ላይ ትንሽ አረፈ፣ ፈነዳ። ጎረቤቶች መስኮት ከፈቱ። እትዬ ሳተኒክ በረጠበ ጫማ መንገዱ ዳር ቆመው፣ ባዶ ማሰሮ ታቅፈው፣ መኪናው ጥጉን እስኪዞር ድረስ ሳቁ። ከላያቸው የተሰቀለ ምንም ነገር አልነበረም። ውሃው በሞቀው አስፋልት ላይ ወደ ሄደችበት አቅጣጫ ትንሽ ተከትሏት ደረቀ።